ጥርሱ ሳይታይ የተገዛ ሞኒተር

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ እርስ አድርጋ ሞኒተሩን ጠረገችው። ቀና ብላ አየችና ደግማ ጠረገችው።

«አልለቅም አለ እኮ» አለች። «ምን ነክቶት ነው?»

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ነበር። የክፍሉን መብራት አጥፍቻለሁ፤ ኮምፒውተሩ ገና እየተነሣ ስለሆነ ሞኒተሩ ድፍን ጥቁር ነው። በዚያ ጥቁር ላይ፣ ከታች በስተቀኝ በኩል፣ ከመርፌ ጫፍ የማትበልጥ አረንጓዴ ነጥብ ቁልጭ ብላ ታበራለች። ሞኒተሩን ከገዛሁ ሦስት ሳምንት አልፎኛል። በየምሽቱ ፊቱ ተቀምጬ አንድም ቀን አላየኋትም። ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር መሰካት የማይሆንላት እናቴ ግን ሻዩን ይዛ ከበሩ እንደ ገባች አየቻት።

ቆሻሻ እንዳልሆነች፣ የሞኒተሩ የራሱ ነጥብ ተበላሽታ በርታ እንደ ቀረች ነገርኳት። ብርጭቆውን አስቀመጠችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ነው ያወጣህበት?»

«38 ሺህ።»

እናቴ የመንዝ ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ አርባ ዓመት ኖራለች፤ ዋጋ ስትመዝን ግን እስከ ዛሬ በበግ ነው። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አሰላችና «ሦስት ሙክት፣ ከትርፍ ጋር» አለች።

«በቅናሽ ነው እኮ እማዬ። ዋጋው 52 ሺህ ነበር።»

«ለምን ቀነሰ?»

«ቅናሽ ነዋ!»

«ቅናሽ መሆኑንማ ነገርከኝ። ለምን ቀነሰ?»

መልስ አልነበረኝም። ሻዬን ጠጣሁ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። ዕድሜዬ ሠላሳ አምስት ነው፣ በአንድ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ማታ ማታ ደግሞ የቪዲዮ ጌም እጫወታለሁ። ይህን ጽፎ ማውጣት ቀላል አይደለም። በእኛ ከተማ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው አረቄ ቤት አመሸ ቢባል ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ጌም ሲጫወት አመሸ ከተባለ ግን ዘመድ ይሰበሰባል፣ «ሚስት እንፈልግለት» ይባላል። ስለዚህ ሞኒተሩን ስገዛ ለቤተሰቡ «ለሥራ ነው» ብያለሁ። የሒሳብ ሰንጠረዥ በሰፊው ሲታይ ስሕተት አያመልጥም ብዬ አስረድቻለሁ። ሰንጠረዡ በሴኮንድ 165 ጊዜ መታደስ ለምን እንዳስፈለገው የጠየቀኝ አልነበረም።

ፍቅሩ የቆየ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ጌም ቤት ደጃፍ ላይ ተኮልኩለን ወረፋ እንጠብቅ ነበር። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ጭር ብሎ አያውቅም፣ የብርድ ልብስ መጋረጃ አለው። ሁለት ልጆች ጆይስቲክ ይዘው ይጫወታሉ፣ አሥራ ሁለቱ ከኋላ ቆመው ያዝዛሉ። ቴሌቪዥኖቹ ሆዳቸው ወደ ኋላ የተነፋ፣ ለማንሣት ሁለት ሰው የሚፈልጉ ነበሩ። ምስላቸውን በሴኮንድ 50 ጊዜ ነበር የሚያድሱት፤ አገራችን የተጠቀመችበት ፓል የሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ልኩ ያ ነውና፣ የመብራቱም ኃይል 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። ያኔ ይህን የሚያውቅ በመካከላችን አልነበረም። የሚያሳስበን የተሸነፈው ልጅ ጆይስቲኩን ቶሎ ይለቅቃል ወይስ አይለቅቅም የሚለው ብቻ ነበር።

እንግዲህ በ2017 ጥቅምት ለሥራ አዲስ አበባ ሄጄ፣ ጉዳዬን ጨርሼ፣ እግሬ ወደ ኮምፒውተር ሱቆቹ ወሰደኝ። እግሬ ነው የወሰደኝ፤ እኔ ሚኒባስ ልይዝ ነበር። መስታወቱ ላይ 27 ኢንች፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለ ሞኒተር ተደርድሯል። ሥሩ በቆመው ካርቶን ላይ 52,000 ተጽፎ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል፤ ከሥሩ 38,000።

የተሰረዘ ዋጋ የሚሠራውን ሥራ ያልተሰረዘ ዋጋ አይሠራውም። ብቻውን «38,000» የሚል ካርቶን ቢሆን ኖሮ «ውድ ነው» ብዬ አልፍ ነበር፤ ለወራት ደመወዜን ቆጥቤ ያጠራቀምኩት ነው። ከላዩ 52,000 ስላለ ግን እጄ ላይ 14,000 ብር እንደ ወደቀልኝ ተሰማኝ። በ52,000 የገዛ ሰው መኖሩን አላየሁም፤ ሞኒተሩ በዚያ ዋጋ አንድ ቀን እንኳ መሸጡን አላውቅም። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ እኮ! በሥራ ቦታዬ ደረሰኝ የሌለውን ቁጥር መዝገብ ላይ አላሰፍርም። በሱቁ ውስጥ ግን በቀይ የተሰረዘን ቁጥር ያለ ምንም ማስረጃ ተቀበልኩ።

ሻጩ ትሑት ወጣት ነበር። «ወንድሜ፣ ይህ ዶላር ሳይጨምር የገባ ነው፤ ከእንግዲህ በዚህ ዋጋ አታገኘውም» አለኝ። ይህች አነጋገር ጉልበት ነበራት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ገና ሦስት ወር አልሞላም። 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፎ ሄዷል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ነገ የባሰ ነው በሚባልበት ሰሞን «ሳይጨምር የገባ» የሚል ቃል ከየትኛውም ዋስትና ወረቀት ይበልጣል። እውነት ይሁን አይሁን የማጣራበት መንገድም አልነበረኝም፤ ለማጣራትም አልፈለግኩም።

«አብራልኝ» አልኩት። አበራልኝ። የእግር ኳስ ጨዋታ ቪዲዮ ከፈተ። አቤት ሣሩ! እያንዳንዷ ቅጠል ለብቻዋ ትታያለች። አጎንብሼ፣ ጎንና ጎኑን አይቼ፣ ጀርባውን ዳስሼ፣ ዐዋቂ መስዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ከፈልኩ።

ሣጥኑን ተሸክሜ ላምበረት መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ ፖርቶ መጋላው ላይ ሊያስረው እጁን ዘረጋ። «ከዚህ ሣጥን ጋር እኔንም እሰረኝ» አልኩት። ተሳቀብኝ። በመጨረሻ የአንድ ሰው ሒሳብ ከፍዬለት አጠገቤ ተቀመጠ። ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖን፣ ጫጫን አብረን ተሻገርን፤ መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር እኔ ሣጥኑን አቅፈዋለሁ። ፍተሻ ላይ «ቴሌቪዥን ነው?» ተባልኩ። «ሞኒተር ነው።» «ምን ያደርጋል?» «ለሥራ ነው» አልኩ። ውሸቷ ለምዳኝ ነበር፤ በኬላ በኩል በሰላም አለፈች። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያን ቀን ግን ጎንደር የደረስኩ መሰለኝ።

ወደ እናቴ ጥያቄ ልመለስ። ለምን ቀነሰ?

ከእናቴ ጋር በግ ገበያ የሄደ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ዋጋ አትጠይቅም። መጀመሪያ በጉን ከሩቅ ታየዋለች፣ ሲራመድ፣ እግሩን ሲያሳርፍ። ከዚያ ትጠጋና አፉን ትይዛለች። በግ ከላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ ዕድሜው የሚነበበው ከታች ነው። የታችኛውን ከንፈር በአውራ ጣቷ ትገለብጠዋለች፤ ሁለት ያወጣ ከሆነ ገና ዓመትን ዘለል ያደረገ ነው፣ አራት ያወጣ፣ ስድስት ያወጣ እያለች ትቆጥራለች፤ ስምንቱን ሞልቶ ጥርሱ መበላት ከጀመረ ትለቅቀዋለች። ቀጥሎ ወገቡን ትጨብጣለች። የመንዝ በግ ጠጉሩ ወፍራም ስለሆነ ዓይን ያታልላል፤ ጠጉሩን ጠልቀው ጣቶቿ አጥንቱን ይፈልጋሉ። እንደ መጋዝ ከቆረቆራት ትተወዋለች። መጨረሻ ላቱን በመዳፏ ትመዝነዋለች። ይህን ሁሉ ካደረገች በኋላ ቀና ብላ ባለበጉን «ለምን ትሸጠዋለህ?» ትለዋለች። ዋጋው ገና አልተነሣም።

ልጅ ሳለሁ ይህ ያሳፍረኝ ነበር። የሰው ንብረት ለምን ትሸጣለህ ይባላል? አሁን ሲገባኝ፣ መልሱን ሳይሆን ሰውዬው መልሱን ለመስጠት የሚፈጀውን ጊዜ ነው የምትመዝነው። «ልጄን ላስተምር» ብሎ ፈጥኖ የመለሰ አንድ ነው። በጉን አይቶ፣ መሬቱን አይቶ፣ ጉሮሮውን የጠረገ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ «ይነክሳል እመቤቴ፣ ልጅ ቆንጥጧል» ብለው እውነቱን ነገሯት። ገዛችው። ለበዓል ነበር የፈለገችው፤ ሦስት ቀን የሚቆይ በግ ቢነክስ ምን ገዷት!

እኔስ? የሞኒተሩን ጥርስ አላየሁም። ሻጩ ሣር አሳየኝ፣ ሣር አየሁ።

ነገሩን ሳጠናው ሣሩ ራሱ ጉድ ሆኖ ተገኘ። የእኔ ሞኒተር ወርዱ 2560፣ ቁመቱ 1440 ነጥብ ነው። ሲባዛ 3,686,400 ነጥብ፣ በስሙ ፒክስል፣ ይሆናል። እያንዳንዱ ፒክስል ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ ሦስት ትንንሽ መስኮቶች አሉት፤ ሁሉም ቀለም የሚወጣው እነዚህ ሦስቱ ምን ያህል እንደተከፈቱ ተለክቶ ነው። በጠቅላላው 11 ሚሊዮን ከ59 ሺህ 200 መስኮት። ከእነዚህ አንዷ፣ አንዷ አረንጓዴ፣ አልዘጋም ብላለች። ፒክስሉ ጎኑ ሩብ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አንዲት የጤፍ ቅንጣት ብታርፍበት ጎረቤቶቹን ጨምራ ብዙ ፒክስል ትሸፍናለች። የእኔዋ መስኮት የአንዱ ፒክስል ሲሶ ናት።

አረንጓዴዋ ሁልጊዜ ክፍት ከሆነች መቼ ትታያለች? በነጭ ገጽ ላይ አትታይም፤ በነጭ ላይ ሦስቱም ክፍት መሆን አለባቸውና እሷም እንደ ሌሎቹ ሥራዋን የምትሠራ ትመስላለች። በሣር ላይ አትታይም፤ ሣር አረንጓዴ ነው። የሒሳብ ሰንጠረዤ ነጭ ነው፤ የምወደው ጨዋታ እግር ኳስ ነው። እሷ የምትታየው በጨለማ ብቻ ነው። ሻጩ ይህን አስቦ ሣሩን መርጦ ይሁን፣ ወይስ ሁሉም ሻጭ ሁልጊዜ እግር ኳስ ስለሚያሳይ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። በቀን ሁለቱንም አምናለሁ፣ ማታ የመጀመሪያውን ብቻ።

አምራቾቹ ለዚህ ነገር ደንብ አላቸው። አይኤስኦ 9241-307 የሚባል ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ፤ ስክሪኖችን በደረጃ ይከፍልና ለየደረጃው በአንድ ሚሊዮን ፒክስል ውስጥ ስንት የተበላሸ ነጥብ እንደሚፈቀድ ይዘረዝራል። ብዙ ፋብሪካዎች በዚህ ተመሥርተው አንዲት ነጥብን እንከን ብለው አይቀበሉም፤ አይለውጡም። ስለዚህ በደንቡ ዓይን ሞኒተሬ ጤነኛ ነው። ያናደደኝም ነጥቧ አይደለችም። ቢነግረኝ በዚያው ዋጋ እገዛው ነበር። ሽማግሌው «ይነክሳል» እንዳሉት «ወንድሜ፣ ከታች አንዲት ነጥብ አለችው፣ ለዚያ ነው የቀነስነው» ቢለኝ ምን ይጎድልበት ነበር? አሁን ግን ሌላ የደበቀኝ ነገር አለ ወይ እያልኩ ሞኒተሩን እንደ ሌባ እጠብቀዋለሁ።

እናቴ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አላት። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰማይ ላይ ባዩት ብርሃን ነው። «ሳይጠሩት በሚመጣ ብርሃን ላይ ከተማ ተቆርቁሮበታል፣ አንተ በአንዲት ነጥብ ታለቅሳለህ» ትለኛለች።

ኅዳር ገባ። የእኛን አገር ኅዳር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ይከረራል፣ ሲነጋ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተነጥፎ ይገኛል፤ ባቄላው አበባ ላይ ከደረሰ ገበሬው ጉድ ይሆናል። በዚያ ሰሞን ቅዳሜ ማለዳ ተነሥቼ፣ በጋቢ ላይ ካፖርት ደርቤ፣ ጌም ስከፍት ተጫዋቾቹ ጅራት አበቀሉ። በተለይ በጨለማ ቦታ የሚሮጥ ሰው ከኋላው ጥቁር ጭስ የሚመስል ጥላ ይጎትታል። ሞኒተሩ ሞተ ብዬ ልቤ ወደቀ። ቁርስ በልቼ ስመለስ ጅራቱ አጥሯል፤ እኩለ ቀን ላይ የለም።

ምክንያቱን ፈልጌ ሳገኝ ከንዴቴ ይልቅ መገረሜ በለጠ። በሞኒተሩ ውስጥ ያለው፣ መስኮቶቹን የሚከፍትና የሚዘጋው ነገር፣ ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ ክሪስታል ይባላል። እንደ ፈሳሽ ይፈስሳል፣ እንደ ክሪስታል ደግሞ ሞለኪውሎቹ ሰልፍ ይይዛሉ። መጀመሪያ ያስተዋለው በ1888 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፍሬድሪክ ራይኒትዘር የሚባል ኦስትሪያዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ነው፤ ያውም ከካሮት ያወጣውን ኮሌስትሮል ሲመራመር። የቀመመው ነገር በ145.5 ዲግሪ ቀልጦ ደፈረሰ፣ በ178.5 ዲግሪ ደግሞ ጠራ። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ይቀልጣል እንዴ ብሎ ግራ ገባው። እኔ ማታ ማታ ኳስ የምመታው በዚያ ሰው ካሮት ምክንያት ነው።

ፈሳሽ ከሆነ ደግሞ ብርድ ያወፍረዋል። ማር በኅዳር ከማሰሮው አልወጣም እንደሚለው ሁሉ እነዚያ ሞለኪውሎችም ሲበርዳቸው ለመዞር ይዘገያሉ። የእኔ ሞኒተር ቪኤ የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት ጥቁሩ ጥልቅ ነው፣ ያምራል፤ ነገር ግን ከጥቁር ወደ ግራጫ ሲሻገር ከድሮም ይጎተታል፤ ብርድ ሲጨመርበት ያነክሳል። መመሪያው ላይ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ይሠራል ተብሎ ተጽፏል። ይሠራል፤ ሠርቷልም። እንዴት አድርጎ ነው የሚለው ግን አልተጻፈም። ሱቁ ውስጥ ሰው ተጨናንቆ፣ አምፑሉ ሁሉ በርቶ፣ ሞኒተሩ ከጠዋት ጀምሮ ሲሠራ ውሎ ሞቆታል፤ ደብረ ብርሃንን አያውቃትም ነበር። ይህን በሻጩ ላይ ማላከክ አልችልም።

እናቴ ነገሩን ስነግራት አልተገረመችም። ምሽት ላይ ሞኒተሩን ካጠፋሁ በኋላ ከመንዝ ያመጣችውን አሮጌ ባና አውጥታ አለበሰችው። በጎቹን ለልብስ የሸለተ አገር ሞኒተር ማልበስ አያቅተውም። ጥቅሙ ምን ያህል እንደሆነ አልለካሁም፤ አውልቂው ማለት ግን አልደፈርኩም። ጠዋት ስነሣ ሞኒተሩ ጥግ ላይ የተኮራመተ ሽማግሌ መስሎ ይጠብቀኛል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ከጥቅምት እስከ ጥር ሙሉ፣ ስለዚያ ሞኒተር ፍጥነት ያልነገርኩት የሥራ ባልደረባ የለም። «165 ኸርዝ ነው፤ ዓይን ይታጠባል» እላለሁ። «የድሮው 60 ነበር፤ ሲነጻጸር በሬና ፈረስ ነው።» ሒሳቡንም እተነትናለሁ፦ በ60 እያንዳንዱ ምስል ስክሪን ላይ 16.7 ሚሊ ሴኮንድ ይቆያል፣ በ165 ግን 6 ብቻ። ሰዎች «አይ ጉድ» ይሉኛል።

በጥር የእህቴ ልጅ የመንፈቅ ፈተናውን ጨርሶ መጣ። 11ኛ ክፍል ነው። ጌም ከፈትኩለት። አንድ ሁለት ደቂቃ ተጫውቶ ዝም አለ። አይጡን ግራና ቀኝ አንቀሳቀሰው። ዊንዶውስ ላይ ገብቶ የስክሪኑን ቅንብር ከፈተ።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ በ60 ነው የተቀመጠው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ከተገዛ ጀምሮ አልተነካም። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ በ60 ነው የሚጀምረው፣ እዚህ ገብቶ መለወጥ ያስፈልጋል።»

ሦስት ወር። ሦስት ወር ሙሉ የሌለኝን ነገር አሞግሼ ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ አለመዋሸቴ ነው፤ ለስላሳነቱ በእውነት ይታየኝ ነበር። የተሰረዘው 52,000 ዓይኔ ላይ ተቀምጦ ያሳየኝ ነበር ማለት ነው። ልጁ ከዝርዝሩ ውስጥ 144ን መረጠ። ስክሪኑ ለቅጽበት ጨልሞ፣ ነጥቧ አረንጓዴ ብልጭ ብላ፣ ተመለሰ። ቀስቷን አንቀሳቀስኩ። ከበረዶ ላይ እንደ ተንሸራተተች ሄደች። ምንም አላልኩም፤ ልጁም ጨዋ ስለሆነ ምንም አላለም። 165ስ? ለእሱ ዲስፕሌይ ፖርት የሚባለው ገመድ ያስፈልጋል፤ ሣጥኑ ውስጥ የነበረው ኤችዲኤምአይ ነው። ገመዱን በከተማችን ዞሬ አጣሁት፤ «ይህኛውም ያው ነው» እያሉ ሌላ ገመድ ሊሸጡልኝ የሞከሩ ነበሩ። በኋላ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ።

ይህም ተደርጎ ጉዳዩ አላለቀም። ሞኒተሩ 165 ጊዜ ለመቀበል ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፣ ያገለገለ የገዛሁት ግራፊክስ ካርዴ ግን ከባድ ጨዋታ ሲመጣበት በሴኮንድ 55 ምስል እንኳ የሚያወጣው እያቃሰተ ነው። ለእናቴ ያስረዳኋት በእንጀራ ነው። ካርዱ ጋጋሪ ነው፣ ሞኒተሩ በላተኛ ነው። በላተኛው ሰዓት ቆጥሮ፣ ደረሰ አልደረሰ ሳይል፣ እጁን ወደ ምጣዱ የሚሰድድ ከሆነ አንዳንዴ ግማሹ የበሰለ ግማሹ ሊጥ የሆነ ያነሣል፤ ስክሪኑ ላይ ምስሉ በአግድም ተሰንጥቆ የላይኛው ከታችኛው የሚሳሳተው ለዚህ ነው። ፍሪሲንክ የሚባለው ዘዴ በላተኛውን ሥርዓት ያስተምረዋል፦ አክምባሎው እስኪነሣ ድረስ እጁን ይሰበስባል። እናቴ «ታዲያ ጋጋሪዋን አግዟት እንጂ በላተኛ መጨመር ምን ያደርጋል?» አለችኝ። ልክ ናት። ገንዘቤን መጀመሪያ ካርዱ ላይ ማዋል ነበረብኝ። ካርድ ግን በቀይ የተሰረዘ ዋጋ አልነበረውም።

የመብራት ሒሳብ ሲመጣ ሞኒተሩ ይከሰሳል። እሱ የሚወስደው ከ40 ዋት አይዘልልም፣ የእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3,000 በላይ ነው ብዬ ተከራክሬ አውቃለሁ። ክርክሩን በቁጥር አሸነፍኩ፤ እንጀራው በማን እንደሚጋገር ስጠየቅ ተሸነፍኩ።

በቅርቡ ስልኬ ላይ አንድ ማስታወቂያ መጣ። 27 ኢንች፣ አይፒኤስ የሚባለው ሌላ የስክሪን ዓይነት፣ 180 ኸርዝ፣ ዋጋው የተሰረዘ። አይፒኤስ ብርድን እንደ ቪኤ አይፈራም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አሮጌውን ልሽጥ ብዬ ወሬ አስነገርኩ። የባልደረባዬ ወንድም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጫማውን ደጃፍ ላይ አወለቀ፣ ለእናቴ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ባናውን ከሞኒተሩ ላይ አነሣሁ። ልጁ ባናውንም ሞኒተሩንም አየ።

«ለምንድን ነው የሚሸጡት?» አለኝ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ሌላ ቅናሽ አግኝቼ ነው» አልኩ። እውነቱ ይህ ነበር፤ አፌ ሲያወጣው ግን ለእኔም አላማረኝም።

አበራሁት። እጄ ማንም ሳያዘው ወደ እግር ኳሱ ቪዲዮ ሄደ። ሣሩ ተዘረጋ። ልጁ አጎነበሰ፣ ጎንና ጎኑን አየ፣ ጀርባውን ዳሰሰ፣ ራሱን ነቀነቀ። «አቤት ጥራት!» አለ። 30 ሺህ ብዬዋለሁ፤ ኪሱ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ሲያስብ ይታየኛል። ወደ በሩ ዞር ስል እናቴ ምንም አላለችም። የነጠላዋን ጫፍ ትከሻዋ ላይ መለስ አደረገች፤ ያው ሞኒተሩን የጠረገችበትን ጫፍ።

ቪዲዮውን ዘጋሁ። ድፍን ጥቁር ምስል ከፈትኩ፣ መጋረጃውን ሳብኩ። «ከታች፣ በስተቀኝ ተመልከት» አልኩት።

«የቷ? ይቺ?» በጥፍሩ ጫር አደረጋት። «ቆሻሻ ናት?»

«አይደለችም። ከፋብሪካው ነው። አትለቅም። ጠዋት ጠዋት በብርድ ጊዜም ምስሉ ይጎተታል፤ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ከገዛኸው ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ገብተህ ከ60 ማውጣት አትርሳ።»

ልጁ ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አየኝ። የሚሸጥ ሰው እንዲህ ሲናገር ሰምቶ የሚያውቅ አይመስልም፤ ከነገርኩት ሌላ የባሰ ነገር አለ ብሎ የጠረጠረም መሰለኝ። ተመልሶ ነጥቧን አያት።

«24 ሺህ» አለ።

«ሁለት ሙክት!» አለች እናቴ ከበሩ ላይ። እሺ በለው ማለቷ ይሁን ተወው ማለቷ፣ ከድምፅዋ ልለየው አልቻልኩም።